ካስማ እግር የለውም

ወንድይፍራው በሕይወቱ አምኖ የኖረው ሁለት ነገር ነው፤ የመኪና ፍሬንና የተጻፈ ወረቀት። ፍሬኑን እንኳ ማለዳ ማለዳ እየረገጠ ይፈትነዋል። ወረቀትን ግን ፈትኖ አያውቅም። በታይፕ የተመታ ነገር ካየ ለእሱ ክርክሩ አልቋል። አንድ ጊዜ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ «ከመጠቀምዎ በፊት ይነቅንቁ» የሚል አንብቦ፣ ብልቃጡ ባዶ መሆኑን እያየ ነቅንቆት ነው የጣለው ይባላል። የኮልፌ ሰው ብዙ ያወራል፤ ይህችኛዋን ግን እኔም አምናለሁ።

በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ዕድሜው ከሃምሳ ትንሽ አልፎ ነበር። ለአንድ የመርካቶ እህል ነጋዴ በካሚዮን ጤፍ ያመላልሳል። ከዚያ በፊት ወታደር ነበር፤ ኮንጎ ድረስ ዘምቶ ነድቷል። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብላ ባለችው የጭቃ ቤት ከሚስቱ ከትርንጎ ጋር ይኖራል። ልጅ የላቸውም። አንድ ነበራቸው፤ ወንድይፍራው ኮንጎ ሳለ ተወልዶ አባቱ ዓይኑን ሳያየው ሞተ። ትርንጎ በገዛ እጇ በጻፈችው ደብዳቤ ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና እንደ ተነሣ፣ ስሙ ገብረአምላክ እንደ ተባለ፣ በሦስተኛው ቀን ሳል እንደ ገደለውና ቀራንዮ መድኃኔዓለም እንደ ተቀበረ ነገረችው። ያ ደብዳቤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኪስ ቦርሳው አልወጣም። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ፣ ልጁ ባረፈበት ቀን፣ ጧፍ ይዞ ቀራንዮ ይሄዳል፤ ትርንጎ ካሳየችው ከጥዱ ሥር፣ ከግንቡ ጥግ ቆሞ ያለቅሳል። ከዚያ መሐረቡን አጥፎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ትርንጎ ከቤት መውጣት ካቆመች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ቁርጥማቱ መጀመሪያ ጉልበቷን፣ ቀጥሎ ወገቧን ያዘው፤ በመጨረሻ አልጋ ላይ አስቀራት። ጎረቤቷ ዙቤዳ ናት ምሳ የምታበላት፣ ራሷን የምታጥባት። የዚያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ ወንድይፍራውን ለብቻው ጠርቶ አንድ ነገር ነገረው። ፀሐይ ትፈልጋለች፤ ደረቅ ቦታ ትፈልጋለች፤ ይህን ክረምት እዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ ተኝታ ካሳለፈች ግን ከመስከረም በኋላ እንድትነሣ አትጠብቅ አለው። ወንድይፍራው ወደ ካሚዮኑ ተመልሶ ሞተር ሳያስነሣ ብዙ ተቀመጠ። ክረምት ሊገባ ሁለት ወር አልቀረውም። የቤቱ ጓሮ ደግሞ መረሬ ነው፤ ዝናብ የነካው ቀን የበርጩማ እግር ይውጣል።

በዚያው ሳምንት ምናለሽ ተራ ብሎን ሊገዛ ሄዶ ብሎኑን የጠቀለሉለትን ወረቀት በልማዱ አነበበ። «የሳንቃ መደብ በጓሮህ» ይላል። ሥዕል አለው፤ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ በቋሚዎች ላይ የተነጠፈ ሳንቃ፣ በላዩም ወንበር። ሮጦ ተመለሰና የቀረውን ጠየቀ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ገጾች የሌላ ሰው ምስማር ይዘው ሄደዋል፤ ስለዚህ መጽሐፉን ማን እንደ ጻፈው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ማንም ይሁን ማን ግን ቆጣ ያለ ሰው ነበር። ለጀማሪዎች የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር «እንጨት ሠርተህ የማታውቅ ከሆነ ደስ ይበልህ፤ የለመድከው ስሕተት የለህም» የሚል ነው። ወንድይፍራው ይህን ሲያነብ ራሱን ያገኘ መሰለው። በዕድሜው ያቆመው እንጨት ቢኖር የልብስ መስቀያ ነው፤ እሱም ወድቋል።

«ትርንጎ፣ ፀሐይ የምትሞቂበት መደብ ልሠራልሽ ነው» አላት ያን ቀን ማታ ራት ላይ። «ከሳንቃ። ጓሮ።»

ትርንጎ እጇ ላይ የነበረውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረች።

«በደጅ በኩል ብትሠራው ምናለ?»

«በደጅ በኩል ፀሐይዋ አራት ሰዓት ላይ ታልፋለች። መጽሐፉ ‹ፀሐይ የሚውልበትን ምረጥ› ይላል። እሱ ደግሞ ጓሯችን መሐሉ ነው።»

«ጓሮውን ተወው ወንድዬ።»

«ለምን?»

«እንዲያው ተወው።»

መጽሐፉ ውስጥ ስለ ነፋስ አቅጣጫ አለ፤ ስለ ምስጥ አለ፤ «እንዲያው» የሚል ግን የለም። እሷ ነገር መግፋት እንደማትወድ ያውቃል፤ እሱም አልገፋም። ያ ነው ጥፋቱ። ሚስቱ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ግድግዳ እያየች ስትተኛ፣ ከግድግዳው ወዲያ ምን እንዳለ መጠየቅ ነበረበት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን አውልቆ ጓሮውን መነጠረ። አረሙን አጨደ፤ የበቆሎ አገዳውን ነቀለ፤ ከመሐል የበቀለች አንዲት የጤና አዳም ቁጥቋጦ ነበረች፤ እሷንም ከነሥሯ መዝዞ በአጥር ላይ ወረወራት። ሽታዋ እጁ ላይ ቀረ። በሳሙና ታጠበ፤ በላምባ አሸው፤ አልለቀቀም። ትርንጎ ራት ስትቀበለው እጁን ያዝ አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች።

በማግስቱ እሑድ ነውና አልቆፈረም፤ ካስማ መትከልና ሲባጎ መዘርጋት ግን ሥራ አይባልም ብሎ ራሱን አሳመነ። መጽሐፉ ዘጠኝ ካስማ ይላል፤ ሦስት በሦስት፤ ቋሚዎቹ የሚቆሙት እዚያ ላይ ነው። ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ለካ፤ በዚያኛውም ሰያፍ ለካ፤ ሁለቱም እኩል ሆኑ። ወንድይፍራው የሚያይለት ሰው ቢኖር ደስ ባለው። አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያየው የሥራ ባልደረባው መኳንንት ብቻ ነበር፤ ማዞሪያ ሄዶ «ወንድይፍራው መድረክ እያቆመ ነው፤ ቲያትር ሊከፍት ነው» ብሎ አወራ።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ሲገባ የመሐሉ ካስማ ቦታው ላይ አልነበረም።

አልጠፋም። ከጓሮው ጀርባ ወዳለው ግንብ ፈቀቅ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ተተክሏል። ቀድሞ የቆመበት ቀዳዳ ደግሞ ተደፍኖ፣ በመዳፍ የተደለደለ ያህል ለስልሷል። ሌሎቹ ስምንቱ እንደ ነበሩ ናቸው። ወንድይፍራው ለካው፤ ስልሳ ሁለት ሳንቲም። መጽሐፉን አወጣ። ገጽ አሥራ አራት ላይ እንዲህ ይላል፦ «ካስማህ ከተከልክበት ቦታ ላይ ካልተገኘ ካስማውን አትጠርጥር። ካስማ እግር የለውም። የተሳሳትከው አንተ ነህ፤ እንደገና ለካ።»

እንደገና ለካ። መልሶም ተከለ።

ማክሰኞም ፈቀቅ ብሎ አገኘው። ስልሳ ሁለት ሳንቲም። ስልሳ አንድ አይደለም፤ ስልሳ ሦስትም አይደለም።

«ዛሬ ማን መጣ?» አላት ትርንጎን።

«ማን ይመጣል? ዙቤዳ ምሳዬን አብልታኝ ሄደች።»

«ጓሮ የገባ ሰው የለም?»

«እኔ ምኑን አየዋለሁ?» አለችና ዓይኗን ከደነች። እንቅልፍ እንዳልነበረ ከአተነፋፈሷ አወቀ።

ፍየል ይሆናል አለ። ፍየል ካስማ ይነቅላል፤ መልሶ መትከል ግን አይችልም። የሰፈር ልጆች ይሆናሉ አለ፤ ልጆች ደግሞ ሲባጎውን ትተው አይሄዱም። ረቡዕ መርካቶ ጤፍ እያራገፉ ሳለ ነገሩን ለመኳንንት አዋየው። መኳንንት ማሾፉን ተወ።

«ይሄ ጓሮ ባለቤት አለው» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቆሌው አልወደደልህም። ቀይ ዶሮ አዙርበትና ደሙን አፍስስለት።»

«መጽሐፉ ላይ ዶሮ የሚል የለም።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ኮልፌን መች ያውቃታል?»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ እኔ ገና እየተማርኩ ነው» ብሎ ወንድይፍራው ሳቀ። ያን ቀን ከስምንቱ የዳር ጉድጓዶች አምስቱን ቆፈረ፤ ሲቆፍር ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ፣ መሐሉን በዓይኑ እየጠበቀ ነው። ካስማው ያን ቀን ማክሰኞ ከተገኘበት አልተነቃነቀም። እሱ ግን ፈራ። ሃምሳ ዓመት አልፎት፣ ጥይት ሲተኮስበት ነድቶ ያለፈ ሰው፣ በገዛ ጓሮው አንዲት ስንዝር ተኩል የማትሞላ እንጨት ፈራ።

ሐሙስ ጠዋት ዙቤዳ ዘመድ ሞቶባት ቡታጅራ ለቅሶ ሄደች። ወንድይፍራው ይህን ሲሰማ አንድ ዘዴ አሰበ። የትርንጎን ምሳ ከራስጌዋ አስቀምጦ፣ ወደ ጓሮ የሚያስወጣውን በር በውጪ በኩል ቆለፈው። የአጥሩንም በር ቆለፈ። ቁልፎቹን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ካስማውን መልሶ መሐል ተከለና የምድጃውን አመድ በወንፊት እየነፋ ከካስማው ዙሪያ እስከ ግንቡ አለበሰው። ዶሮ ብትረግጥ ጣቷ ይቀራል፤ ሰው ቢረግጥ ጫማው ይቀራል። ወደ ኋላው እያፈገፈገ የራሱንም ዱካ በወንፊት ደፈነ።

አሥር ሰዓት ላይ የአጥሩን በር ከፈተ። የጓሮው በር እንደ ተቆለፈ ነው። አመዱ እንደ ነፋው ነው፤ የዶሮ እግር የለበት፣ የነፋስ መጥረጊያ የለበት። ካስማው ግን ስልሳ ሁለት ሳንቲም ወደ ግንቡ ሄዷል። ተጠግቶ አየው። በአዲሱ ቦታው፣ ካስማው መሬት በገባበት ዙሪያ፣ አመዱ አልተሰነጠቀም። በካስማው ራስ ላይም ስስ አመድ ተኝቶበታል። ከመነፋቱ በፊት ጀምሮ እዚያው የቆመ ይመስላል። ጓሮው ደግሞ የጤና አዳም ይሸታል፤ ቁጥቋጦዋ ከተነቀለች አምስተኛ ቀኗ ነው።

ወንድይፍራው መጽሐፉን አልገለጠም። ገጽ አሥራ አራት ላይ ምን እንደ ተጻፈ ያውቃል።

ዓርብን የቀሩትን ሦስት ጉድጓዶች እየቆፈረ እንደ ምንም አሳለፈው። ቅዳሜ ግን እልህ ያዘው። ስምንቱ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ ለቋሚ የመጣው ባሕር ዛፍ ተላጦ፣ እግሩ ለምስጥ በተቃጠለ ዘይት ተነክሮ ግንቡን ተደግፏል። ሰማዩ በምዕራብ በኩል መጥቆር ጀምሯል። ትርንጎ ያን ሰሞን እጇም ማበጥ ጀምሮ ነበር፤ ማንኪያ አልጨብጥ ብሏታል። «ቆሌም ሁን ሰይጣን፣ የሚስቴን ፀሐይ አትከለክለኝም» አለ ጮክ ብሎ። በጠራራ ፀሐይ፣ በስድስት ሰዓት፣ የጓሮውን በር እንደ ተከፈተ ትቶ፣ ካስማውን ነቅሎ ጣለና ዶማውን መሐሉ ላይ አነሣ።

የሌሎቹ ጉድጓዶች አፈር ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ ዶማው ይነጥርበታል። ይሄኛው ግን ይገባል። አንድ ስንዝር፤ ሁለት ስንዝር። አንድ ጊዜ ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር መሆኑን እጁ ከልቡ ቀድሞ አወቀ። ከጉድጓዱ ሽታው ተነሣ፤ የጤና አዳም፣ ያውም እርጥብ፣ አሁን የተቀጠፈ። ዶማውን እንዳነሣ ቆመ። የሆነ ነገር መሬት ለመሬት እየተጎተተ ሲመጣ ሰማ። ሸርተት ይላል፤ ያርፋል፤ ሸርተት ይላል፤ ያርፋል። ከጉድጓዱ ይሁን ከኋላው መለየት አቃተው። አንገቱ አልዞርልህ አለው።

«አትቆፍርበት!»

ትርንጎ ነበረች። ከበሩ ወጥታ በመዳፎቿና በዳሌዋ እየተጎተተች፣ ቀሚሷ አፈር ለብሶ፣ ሁለት ዓመት ያልነካችው መሬት ላይ ትመጣለች።

«አትቆፍርበት ወንድዬ! ልጄን አትቆፍርብኝ!»

ዶማው ከእጁ ወደቀ። እሷ ግን አልቆመችም፤ እየተሳበች ጉድጓዱ ጋ ደረሰችና ያወጣውን አፈር በክንዷ እየሰበሰበች መለሰችው። ያበጡት እጆቿ አፈሩን ደለደሉት። ወንድይፍራው አጠገቧ ተቀመጠ። መቀመጡን እንኳ ያወቀው በኋላ ነው።

«ገብረአምላክ ቀራንዮ ነው ያለው» አለ። «ጥዱ ሥር።»

«እዚህ ነው ያለው።»

«ደብዳቤውን ራስሽ ነሽ የጻፍሽው።»

«እኔ ነኝ።» ቀና ብላ አላየችውም። «በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ነው የሞተው። ሁለት ቀን ነው የቀረው፣ ሁለት ቀን! ሲያስለው ጉንፋን ነው አልኩ። ቄስ ጥሪ አሉኝ፤ ምን ያጣድፈኛል፣ ተነገ ወዲያ አርባው አይደል አልኩ። ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም። የት ላድርገው? አንተ ሰው አገር ጥይት ይተኮስብሃል፤ ልጅህ ስም ሳይኖረው፣ ጥምቀት ሳያገኝ ሞተ ብዬ ልጻፍልህ? እዚያው በሞትክብኝ ነበር።»

«ስሙን ማን አወጣለት?»

«እኔ። ደብዳቤውን ስጽፍ።»

ወንድይፍራው የወደቀውን ዶማ ወደ ጎን ገፋው። ከዚያ የሞኝ የምትመስል፣ ግን እሷ ብቻ የመጣችለት ጥያቄ ጠየቀ።

«ታዲያ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ማን ላይ ቆሜ ነው ያለቀስኩት?»

ትርንጎም አታውቅም ነበር። ግንብ አጠገብ፣ ስም ያልተጻፈበት ቦታ መርጣ ነው ያሳየችው።

እሑድ ዙቤዳ ከቡታጅራ ተመለሰች። ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ መጣች፤ የወንድይፍራውን ፊት ስታይ ነገሩ እንደ ወጣ ገባት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሷ ዝምታ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጦ አንድ ቀን አልነቀዘም ነበር። አሁን ግን ደጃፉ ላይ ቆማ ሁሉንም ነገረችው።

«ያጠብኩት እኔ ነኝ ጋሼ። በነጭ አቡጀዲ የጠቀለልኩትም እኔ ነኝ። ጤና አዳሟን እሷ ተከለችበት፤ እግሯ እምቢ ካላት ወዲህ ውሃ የማጠጣት እኔ ነበርኩ። በኛ ሃይማኖት ሕፃን ልጅ ንጹሕ ነው፤ ጥያቄም የለበት። ይህንኑ ስነግራት ኖርኩ፤ ‹የናንተ ለናንተ ነው› ትለኛለች። ካስማውንም እኔ ነኝ የነቀልኩት፤ ይቅር ይበሉኝ። እሷ ለምናኝ ነው። ቦታው ከመሐል ፈቀቅ ቢልልን ብለን ነው።»

«ሦስቴም አንቺ ነሽ?»

«ሁለቴ ነው ጋሼ። ሰኞና ማክሰኞ።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ እኔ መች እዚህ ነበርኩ? ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት።»

ወንድይፍራው ወደ ትርንጎ ዞረ። ትርንጎ ወደ እሱ አየች። በሩን በውጪ በኩል የቆለፈው ራሱ ነው፤ ቁልፉም በኪሱ ነበር። ሦስቱም በየፊናቸው አንድ ነገር አሰቡ። ዙቤዳ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች፤ ጸሎት ይመስለኛል።

ሁለት ቀን ሚስቱን አላናገራትም። ተቆጥቶ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አንዴ ካሚዮኑን መንገድ ዳር አቁሞ ያንን ደብዳቤ ከኪስ ቦርሳው አወጣና ሊቀደው ያዘው። በተጻፈ ነገር ሲያምን የኖረ ሰው ነው፤ ከሁሉ አብልጦ ያመነው ወረቀት ደግሞ ውሸት ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ሲገልጠው ዓይኑ ስሙ ላይ ወደቀ። ገብረአምላክ። ቄስ ያላወጣው፣ ቤተ ክርስቲያን ያልተጠራበት፣ አንዲት አራስ ሴት ብቻዋን ጭስ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ባሏ እንዳይሞትባት ያወጣችው ስም። አጥፎ ወደ ቦታው መለሰው።

ረቡዕ መጽሐፉን እንደገና ከፈተ። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ከዚያ በፊት የዘለላት አንቀጽ ነበረች። «ቋሚ በሚቆምበት ቦታ ዛፍ ቢገጥምህ ዛፉን አትቁረጥ። ሳንቃውን ስታነጥፍ ዓይን ተውለት፤ ዛፉ በዓይኑ ይውጣ። ነገር ግን የመሐሉን ቋሚ ያስቀረ ሰው ሳንቃውን የሚሸከመው ወራጅ በአንድ ክረምት ሁለት ጣት እንደሚጎብጥበት ይወቅ።»

«ይጉበጣ» አለ ወንድይፍራው። ለመጽሐፉ መልስ ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነው።

መደቡ በስምንት ቋሚ ቆመ። ሥራው የሚያምር ነበር ብል እዋሻለሁ። ሳንቃዎቹ አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም፤ ምስማሩ እዚህም እዚያም ተጣሟል፤ አውራ ጣቱ ጠቁሮ ጥፍሩ ወልቋል። በመሐሉ ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር የሆነ ዓይን ተወ። በአጥር ላይ የወረወራትን ጤና አዳም ፈልጎ አገኛት፤ አሥራ ስምንት ቀን ፀሐይ ላይ ሥሯ ተገልብጦ ሰንብታ ቅጠሏ አልጠወለገም ነበር። ለማንም ሳይናገር መልሶ ተከላት። የነቀለውን ካስማ ግን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው።

በግንቦት መጨረሻ ሳምንት ዙቤዳ በአንድ ክንዷ፣ እሱ በሌላው ይዘው ትርንጎን አወጧት። ወንበሯን ከመደቡ ዓይን አጠገብ አደረጉላት። ትርንጎ ፀሐይዋን ስታገኝ ፊቷን ጨምድዳ ቆየች፤ ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ ተፈታ። ያን ቀን ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከውጪ ተቀመጠች።

«ጥሩ ስም ነው ያወጣሽለት» አላት ወንድይፍራው።

ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ሰኔ ገባና ልጁ ያረፈበት ቀን መጣ። ወንድይፍራው እንደ ልማዱ ጧፍ ይዞ ቀራንዮ ሄደ። መኳንንት ሰምቶ «አሁን ደግሞ ለማን ነው?» ቢለው «የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ለምዶኛል፤ ዘንድሮ ብቀር ምን ይለኛል?» አለው። ጥዱ ሥር ቆሞ ለማያውቀው ሟች ጧፉን አበራ። ሌላ ጧፍ ደግሞ ለቤት አስቀረ።

ክረምቱ በዚያ ዓመት ከባድ ነበር። ጓሮው ባሕር ሆነ። ዝናቡ ፋታ በሰጠ ቁጥር ግን ትርንጎ በደረቁ ሳንቃ ላይ ፀሐይ ሞቀች፤ በነሐሴ ወንበሩን ተደግፋ መቆም፣ በመስከረም ከበሩ እስከ ጤና አዳሟ ስድስት እርምጃ መራመድ ጀመረች። ሐኪሙ ጉልበቷን እየነካካ «ጎበዝ» አለ። ማንን እንደሆነ አልተናገረም።

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ወንድይፍራው ውሃ ልክ ተውሶ ወራጆቹን ፈተሸ። ሁለቱ የዳር ወራጆች፣ ሦስት ሦስት ቋሚ ያላቸው፣ እንደ ጀማሪ ሥራ ትንሽ ትንሽ ጎብጠዋል። በመሐሉ ወራጅ ላይ፣ ከመካከሉ ሥር ቋሚ በሌለው፣ ውሃ ልኩን አስቀመጠ። አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች። ገልብጦ አስቀመጠ፤ አረፋዋ መሐል ላይ ናት። ሁለት ጣት ቀርቶ የፀጉር ያህል አልጎበጠም። እንጨቱን የገዛው እሱ ራሱ ነው፤ ከሦስቱ ሁሉ የከፋው ይህ እንደ ነበር ያውቃል።

በሆዱ ተስቦ ከመደቡ ሥር ገባ። ከላይ ትርንጎ ወንበሯ ላይ ናት፤ በሳንቃው ዓይን በኩል ፀሐይ ገብታ መሐሉን አብርታዋለች። አፈሩ ደረቅ ነው፤ ያን ሁሉ ዝናብ አላየም። የጤና አዳሟ ግንድ ወፍሯል። ከእሷ ወደ ግንቡ በኩል ያ የጠፋው ካስማ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሜትር አላስፈለገውም። ስንት እንደሆነ ያውቃል።

አልነካውም። መዳፉን ወደ ላይ ሰዶ ወራጁን ከሥር፣ ቋሚ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ዳሰሰው። ዳር ዳሩ ቀዝቃዛ ነበር። እዚያች ቦታ ላይ ግን፣ የትንሽ መዳፍ ያህል፣ እንጨቱ ሞቅ ብሏል።

«ወንድዬ፣» አለች ትርንጎ ከላይ፣ «ምን አገኘህ? ጎብጧል?»

ወንድይፍራው መዳፉን ከእንጨቱ አላነሣም። ፍርሃቱን ጠበቀው፤ አልመጣም። የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ጥዱ ሥር ቆሞ ሲጠብቀው የኖረውና አንድ ቀን ያላገኘው።

«አልጎበጠም» አላት። «ደህና ተይዟል።»

ትርንጎ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወደ መደቡ ዓይን ስታስጠጋ ሳንቃው ከላዩ ሲንቋቋ ሰማ።